«ስፒድ ዘ ፕላው» እና ወይዘሮ ግራንዲ

በእንግሊዝ የገጠር ጭፈራ ወንዶችና ሴቶች በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ቫዮሊኑ ዜማውን በደገመ ቁጥር ጥንዶቹ ቦታ እየተለዋወጡ ረድፉን ይወርዳሉ። ለዚህ ጭፈራ ከሚመቱት ታዋቂ ዜማዎች አንዱ «ስፒድ ዘ ፕላው» ይባላል፤ በእኛ አነጋገር «እርሻው ይቅና» እንደማለት ነው። ስሙን የሰማ ሁሉ ከበሬዎቹ ኋላ የሚሄድ ገበሬ ያፈለቀው ይመስለዋል። ምርቃቱ በእርግጥ የገበሬ ነው፣ የቆየም ነው። ዜማው ግን የወጣው ከለንደን ቴአትር ቤት ነው።

የሠራው ጆን ሙርሄድ የሚባል አየርላንዳዊ ነው፤ በኮቨንት ጋርደን ቴአትር ቤት ቫዮሊን ይጫወት ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1799 ሲሠራው «የባሕር ኃይል ሐውልት» ብሎ ነበር የሰየመው። በማግስቱ ዓመት፣ በ1800፣ ቶማስ ሞርተን «ስፒድ ዘ ፕላው» የተሰኘ አስቂኝ ተውኔት እዚያው ቴአትር ቤት አቀረበ። ዜማው የተውኔቱን ስም ይዞ ወደ ገጠር ወጣ፤ የመንደር ቫዮሊን ተጫዋቾች በየደብተራቸው ገለበጡት፣ ወደ ስኮትላንድና ወደ አሜሪካም ተሻገረ። የሙርሄድ ስም ግን መንገድ ላይ ቀረ። ዛሬ ብዙ ቦታ «የሕዝብ ዜማ» ተብሎ ይታለፋል።

እኛን ይበልጥ የሳበን የተውኔቱ ነገር ነው። አሽፊልድ ለሚባል ገበሬ ሚስቱ ከገበያ ተመልሳ የምትነግረው ወሬ የጎረቤታቸው የግራንዲ ስንዴ ከእነሱ ስንዴ የተሻለ ዋጋ እንዳወጣ፣ የወይዘሮ ግራንዲ ቅቤም በገበያው እንደተወደደ ነው። ሚስትየው ነጋ ጠባ የምታነሳው ወይዘሮ ግራንዲ ምን ትል ይሆን የሚለውን ነው፤ ባልየው እስኪሰለቸው ድረስ። ወይዘሮ ግራንዲ ራሷ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መድረክ ላይ አትወጣም! ሆኖም ስሟ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ገብቶ፣ እኛ ይሉኝታ የምንለውን የሰው አፍ ፍርሃት መጠሪያ ሆነ።

ይህችን ሴት እናውቃታለን። ብድር ወስዳ ደጇ ላይ እንጀራ ልትሸጥ ያሰበች እህት ብዙ ጊዜ አስቀድማ የምታነሳው የወለዱን ነገር አይደለም፤ ጎረቤት ምን ይለኛል ነው። ያ ጎረቤት ማን እንደሆነ ስንጠይቃት ደግሞ ስም አትጠራም።

ሙርሄድ በ1804 ሞተ። ዜማውን ማግኘት አያስቸግርም፤ ፈጣንና ደስ የሚል ነው። ለወዳጅ ስታሰሙት የሠሪውን ስም አብራችሁ ንገሩልን።