የተሰበረ እብነ በረድን በማጣበቂያ መጠገን፦ ከመጀመራችሁ በፊት ይህን እወቁ

በዓረብ አገር ብዙ ቤቶች ወለሉም፣ ደረጃውም፣ የሳሎን ጠረጴዛውም እብነ በረድ ነው፤ በዓረብኛው ሩኻም። ጠንካራ ይመስላል እንጂ ድስት ወይም መጥረጊያ ሲያርፍበት ጠርዙ ቶሎ ይሸረፋል። ብዙ እህቶች ሲደነግጡ ስብርባሪውን ይደብቃሉ፣ ወይም ማንም ሳያይ በሱፐር ግሉ ይለጥፉታል። ሁለቱም ኋላ ጣጣ ያመጣል።

በመጀመሪያ

ስብርባሪውን አትጣሉ፤ ትንሿን ፍንካች ሳይቀር ሰብስባችሁ በፌስታል አስቀምጡ። ፎቶ አንሱ። ከዚያ ለማዳም በዚያው ቀን ንገሩ። ማጣበቂያውን የምታነሱት እሷ ከተስማማች ብቻ ነው።

የትኛው ማጣበቂያ?

ሱፐር ግሉ ለትንሽ ፍንካች ይሆናል፤ ውሃና ሙቀት በሚበዛበት ቦታ ግን አይቆይም። በቆርቆሮ የሚሸጠውና ከትንሽ ቱቦ ማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቀው የድንጋይ ማስቲሽ (ፖሊስተር) በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል፤ ለቤት ውስጥ ጠርዝ ጥሩ ነው። ሁለት ቱቦ ያለው ኤፖክሲ ከሁሉም ይጠነክራል፤ ብዙውን ጊዜ ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት 24 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። የድብልቁ መጠን እንደየምርቱ ስለሚለያይ ማሸጊያው ላይ ያለውን ተከተሉ።

አሠራሩ

1. መስኮት ክፈቱ፣ ጓንት አድርጉ፣ እሳት አጠገብ አትሥሩ።
2. የተሰበረውን ፊት ከአቧራና ከቅባት አጽዱ፤ በደንብ ይድረቅ።
3. ሳትለጥፉ አንድ ጊዜ ገጣጥማችሁ ሞክሩ።
4. ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ግጠሙ፣ በወረቀት ቴፕ አስራችሁ ተዉት።
5. የተረፈውን ከደረቀ በኋላ በምላጭ ቀስ አድርጋችሁ ፋቁ።

ሎሚ፣ ኮምጣጤ ወይም የሽንት ቤት አሲድ በፍጹም አታስነኩት። እብነ በረድ በአሲድ ይበላል፤ የደበዘዘው ቦታ ደግሞ ካልተወለወለ አይመለስም። ሱፐር ግሉ ጣታችሁን ካጣበቀው አትገንጥሉት፤ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ዘፍዝፋችሁ ቀስ በቀስ አላቁት።

እምቢ የምትሉት ሥራ

2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ካሬ ሜትር እብነ በረድ 50 ኪሎ ግራም ያልፋል። ለሁለት የተሰነጠቀ የጠረጴዛ ፊት፣ የደረጃ ረገጫ፣ ከግድግዳ የተላቀቀ ድንጋይ የባለሙያ ሥራ ነው። ብቻችሁን አታንሱት፤ እግር ይሰብራል። የተለጠፈ ደረጃ ከተላቀቀ ደግሞ ሰው ይጥላል።

«ከደመወዝሽ እቆርጣለሁ» ከተባላችሁ

ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያል። በሳውዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ፣ ለተበላሸ ዕቃ የሚቆረጠው ሠራተኛዋ ሆን ብላ ወይም በቸልተኝነት ካበላሸችው ነው፤ ቅነሳውም ከደመወዙ ግማሽ ማለፍ የለበትም። ስለዚህ የሆነውን ቀንና ሁኔታ ጻፉ፣ ፎቶውን አስቀምጡ፣ ማንበብ በማትችሉት ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ክርክር ከተነሳ ስንት እንደተቆረጠና በየትኛው ወር እንደሆነ ይዛችሁ በያላችሁበት አገር ወዳለው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ወይም ወደ ኤምባሲያችሁ አመልክቱ።

ድንጋይ ይሰበራል፤ ያጋጥማል። የሚያስጠይቀው ብዙ ጊዜ መደበቁ ነው።