የግራው ወንበር

የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ ሕክምና ትምህርት ቤታችን ታሪክ አንድ ነገር ጻፊልን ብለውኝ ነበር። ይቅርታ ይደረግልኝና ስለ አውሮፕላን አብራሪዎች ልጽፍ ነው። ታናሽ ወንድሜ እዚሁ ግቢ ምህንድስና ተምሮ ኋላ አብራሪ ሆነ፤ ከዚያም ሰው አገር ሄዶ ገና በተቋቋመ አየር መንገድ ሦስት ዓመት ሠራ። እሱ እዚያ እያለ በስልክ የምናወራው ነገር ነው የራሳችንን አየር መንገድ አጀማመር እንዳነብ ያደረገኝ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተመሠረተው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን ከወጣ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላም። መንግሥት ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር ተዋውሎ ሥራ አስኪያጁም አብራሪዎቹም ከዚያ መጡ። አውሮፕላኖቹ ከጦርነቱ የተረፉ አምስት ሲ-47ዎች ነበሩ። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው በረራ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአስመራ በኩል ካይሮ ገባ። መንገደኛው ግራና ቀኝ ግድግዳውን በተጠጋ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጣል፤ ጭነቱ መሐል ላይ ይታሰራል።

እኔ ሳነብ የምቆመው ሐኪም የሚቆምበት ቦታ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይቀንሳል። ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ አውሮፕላኑ ለመነሳት ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል። ሲ-47 ደግሞ እንደዛሬዎቹ አውሮፕላኖች የክፍሉን አየር አምቆ የሚይዝ አልነበረም። አብራሪው የሰሜንን ተራሮች ለመሻገር አራት ሺህ ሜትር ሲወጣ እሱም የሚተነፍሰው የዚያኑ ከፍታ አየር ነው። ኦክስጅን ሲያንስ ቀድሞ የሚዳከመው ማመዛዘን ነው፤ ክፋቱ፣ ሰውየው ራሱ ደህና ነኝ፣ እንዲያውም ደስ ብሎኛል ይላል። ከዝቅተኛ አገር የመጣ ሰው ደሙ ከፍታውን እስኪለምድ ሳምንታት ይፈልጋል። እነዚያ አሜሪካውያን ጦርነት ያየ ትውልድ ናቸው፤ ቢሆንም ሥራው ቀላል አልነበረም።

ዋናው ነገር ግን ይሄ አይደለም። በአብራሪዎች ቤት ካፒቴኑ የሚቀመጠው በግራ ወንበር፣ ረዳቱ በቀኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ከቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር የተፈረመው አዲስ ውል አየር መንገዱ በመጨረሻ በኢትዮጵያውያን እንዲሠራ የታሰበበት ነበር። እንግዲህ የውጭ አገሩ ካፒቴን ወንበሩን የሚለቅለትን ሰው ራሱ አጠገቡ አስቀምጦ ማስተማር አለበት ማለት ነው። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ እ.ኤ.አ. በ1957 ዲሲ-3 በአዛዥነት አበረሩ። ከመጀመሪያው በረራ አሥራ አንድ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ኮሎኔል ስምረት መድኅኔ የተሾሙት ግን እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ከአውሮፕላኑ ወንበር ይልቅ የቢሮው ወንበር ሳይከብድ አልቀረም። እኛም ቤት ያው ነው፤ የሕክምና ፋኩልቲያችን ሲጀመር ከመምህራኑ ብዙዎቹ የውጭ ሰዎች ነበሩ፣ ወንበሩን የወረሱትም ያስተማሯቸው ልጆች ናቸው።

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። አየር አፍሪክ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲፈርስ በምዕራብ አፍሪካ ትልቅ ክፍተት ተፈጠረ፤ ከአንዱ ዋና ከተማ ወደ ጎረቤቱ ለመሄድ በፓሪስ የሚዞር ሰው ነበር። አስካይ የተባለው አየር መንገድ መቀመጫውን ቶጎ ሎሜ አድርጎ በጥር 2002 ዓ.ም. በረራ ሲጀምር የኢትዮጵያ አየር መንገድ ባለድርሻም አሠልጣኝም ሆኖ ገባ። ያኔ የእኛ ልጆች ናቸው በግራው ወንበር ለመቀመጥ የሄዱት። በኋላ ማላዊና ዛምቢያም የኢትዮጵያ አየር መንገድ በድርሻ ገብቷል።

የወንድሜ መሥሪያ ቤት ከነዚህ አንዱ አይደለም፤ ስሙም ለዚህ ጽሑፍ አያስፈልግም። እዚያው ምዕራብ አፍሪካ፣ ባሕር ዳር ነው። መጀመሪያ ያስቸገረው ሬድዮው ነበር። የፈረንሳይኛ ተናጋሪ አገሮች ተቆጣጣሪዎች አንዱን በፈረንሳይኛ፣ ሌላውን በእንግሊዝኛ ያናግራሉ። አብራሪ ሌላው አውሮፕላን የት እንዳለ በጆሮውም ነው የሚከታተለው፤ ግማሹ ወሬ ካልገባው ሰማዩ ግማሽ ይጨልምበታል። ክረምቱ የነጎድጓድ ደመና፣ በጋው ከሰሃራ የሚነፍስ አቧራ።

የኔ ጭንቀት ወባ ነበር። አዲስ አበባ ያደገ ልጅ የወባ መከላከያ አቅም የለውም። ሜፍሎኩዊን ደግሞ አእምሮን ስለሚረብሽ ለአብራሪ አይፈቀድም። ሌላ መድኃኒት አስጀመርኩት፤ ስድስት ወር ወስዶ ተወው። «እትዬ፣ እዚህ ማን ይውጣል?» አለኝ። በሁለተኛው ዓመት አንድ ማታ ደውሎ አተመኝ አለ። ደሙ ሲታይ ፋልሲፓረም። ኮአርተም ጀመረ፤ በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ወረደለት፣ በማግስቱ እንዲበር ጠየቁት።

ለምን ጠየቁት? ካፒቴኖቹ በጠቅላላ ስድስት ነበሩ፣ ሁሉም የውጭ አገር ሰዎች፤ ሁለቱ ዕረፍት ላይ ናቸው። አንድ ሰው ሲተኛ አንድ በረራ ይሰረዛል፣ ገና እግሩን ያልተከለ ኩባንያ ደግሞ ስሙ በአንድ ሳምንት ይጠፋል። እሱም ሊሄድላቸው ዳድቶት ነበር። «አሁን እኮ ደህና ነኝ» ሲለኝ የአራት ሺህ ሜትሩ ሰውዬ ትዝ አለኝና በስልክ ጮህኩበት። አልበረረም። በረራው ተሰረዘ፣ አለቃውም ለአንድ ወር ያህል አኮረፈው።

ስድስት ካፒቴን ብቻ የኖረው ደግሞ የአገሩን ልጆች ወደ ግራ የማሻገሩ ሥራ ስለተጓተተ ነው። ሥልጠና ገንዘብ ይፈጃል፣ ጊዜ ይወስዳል፤ የውጭ ሰው በደመወዝ ማምጣት ለዛሬ ይቀላል። አንዳንዱ የውጭ ካፒቴንም ውሉ እንዲታደስለት ሲል ረዳቱን ቀኝ ወንበር ላይ ማቆየት አይጠላም። ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ ስለ ራሱም እየተናገረ እንደነበር አውቃለሁ፤ ደመወዙ ጥሩ ነበር፣ እዚህ ቤት እየሠራ ነበር።

ከወባው በኋላ ረዳቶቹን ማሠልጠኑን አጥብቆ ያዘ፤ የልምምድ ሰዓት ይመደብላቸው ብሎ ስንት ደብዳቤ ጻፈ። ሦስተኛው ዓመት ሊያልቅ ሲል ማታ ደወለልኝ። የአገሩ ተወላጅ የሆነች ረዳቱ ፈተናዋን አልፋ በዚያን ቀን በግራ ተቀምጣ ነበር፤ እሱ አሠልጣኝ ስለሆነ ቀኙን ይዟል።

«እንዴት ነበር?» አልኩት።

«አንገቴን አመመኝ እትዬ» አለ። «ከዚያ በኩል ማየት ለካ ረስቼዋለሁ።»