የድርጅቶች ማኅበራዊ ኃላፊነት እና የሠራተኞች የመደራጀት መብት

በአዲስ ዓለምና በሆለታ አካባቢ የሚገኙ የአበባ እርሻዎች ለበርካታ ዜጎች የሥራ ዕድል ፈጥረዋል። ድርጅቶች ለአካባቢው ኅብረተሰብ ትምህርት ቤት ቢገነቡ ወይም ክሊኒክ ቢያቋቁሙ የሚመሰገን ተግባር ነው። ሆኖም የመደራጀት መብት በአሠሪው በጎ ፈቃድ የሚሰጥ አይደለም። መብቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 እና በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተረጋገጠ ነው። በመሆኑም ማኅበራዊ አገልግሎት መስጠት ይህን መብት ከማክበር ግዴታ ነፃ አያደርግም።

ማኅበር ስለማቋቋም

10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉት ድርጅት ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ከ10 በታች ሠራተኞች ባሏቸው ድርጅቶች የሚሠሩ ደግሞ፣ የአባላቱ ቁጥር ከ10 የማያንስ እስከሆነ ድረስ፣ በጋራ ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ።

ለምዝገባ የሚያስፈልጉት የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ፣ የመሪዎቹ ስም፣ አድራሻና ፊርማ እንዲሁም የማኅበሩ ስምና ዓርማ ናቸው። ጠቅላላ ማኅበር ከሆነ አባላቱ የሚሠሩባቸው ድርጅቶች ስም ይጨመራል። ማመልከቻው እንደ ድርጅቱ ሁኔታ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ወይም ለክልሉ አግባብ ላለው ባለሥልጣን ይቀርባል። ያልተመዘገበ ማኅበር በአዋጁ የተመለከቱትን ተግባራት ሊያከናውን አይችልም።

በማኅበር አባልነት ምክንያት ስለሚፈጸም ስንብት

የማኅበር አባል መሆን ወይም በሕጋዊ እንቅስቃሴው መሳተፍ የሥራ ውልን ለማቋረጥ በቂ ምክንያት አይሆንም። በዚህ ምክንያት የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው እንዲመለስ፣ መመለስ ካልፈለገም ካሣ እንዲከፈለው የሥራ ክርክሩን የሚመለከተው አካል ይወስናል። ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ ግን ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።