ሮቦት ጭላዳ ከመሠራቱ በፊት

እኛ የጎንደር ልጆች ስለ ፋሲል ግንብ ለእንግዳ ማውራት አይከብደንም። ጭላዳ ሲነሳ ግን «እሱማ የደባርቅ ዝንጀሮ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ሳይንሱ ግን አላለፈውም። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንጠቅሳለን።)

ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ተራሮች አድርጎ ጎንደር ገባ። ጭላዳንና ዋሊያን በ1835፣ ቀይ ቀበሮን በ1840 ለሳይንሱ ዓለም አስተዋወቀ። ያኔ የሚጠናው በአብዛኛው ቆዳና አጥንት ነበር። ቆዳና አጥንት ደግሞ አይጮኽም፣ አይራመድም።

ከብዙ ዘመን በኋላ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ቶር በርግማን እዚያው ሰሜን ተራሮች ላይ ለወንድ ጭላዳዎች የሌሎች ወንዶችን ድምፅ በስፒከር አሰማቸው። በ2010 የታተመው ውጤት አስገራሚ ነበር፦ አብሯቸው የሚውለውን የሌላ ቤተሰብ ወንድ እንኳ በድምፁ ለመለየታቸው ምልክት አልተገኘም። ለካ በትልቅ መንጋ መኖር ሁሉን ማወቅ ማለት አይደለም!

ይህ ስፒከር ድምፅ ብቻ ያለው ሮቦት ነው ብንል ብዙም አልተሳሳትንም። አካል ያለውን ደግሞ ስዊዘርላንድና ጀርመን ያሉ ተመራማሪዎች ሠሩት። ኦሮባተስ ከ290 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኖረ ባለ አራት እግር እንስሳ ነው፤ አፅሙም ዱካውም ጀርመን ውስጥ ተገኝቷል። የጆን ንያካቱራና የካሚሎ ሜሎ ቡድን በአፅሙ አምሳል ሮቦት ሠርቶ የተለያየ አካሄድ ሞከረበት። ሚዛኑን ይጠብቃል? ጉልበት ይቆጥባል? ከዱካው ጋር ይገጥማል? የማያስኬደውን እየጣሉ በ2019 አንድ መልስ ላይ ደረሱ፦ እንስሳው ከተገመተው በላይ ቀና ብሎ ይራመድ ነበር። የተሻለ የየብስ አካሄድ ከታሰበው ቀድሞ ጀምሯል ማለት ነው።

ሮቦቱ ዝግመተ ለውጥን በዓይናችን አላሳየንም። የሚሆነውን ከማይሆነው ግን ለየልን።

አንድ ነገር ልብ እንበል። ያ ሮቦት የተሠራው እንስሳው ስለሌለ ነው። የጭላዳ የቅርብ ዘመዶችም በአንድ ወቅት በአፍሪካ በሰፊው ይኖሩ ነበር፤ ዛሬ የምናውቃቸው በቅሪተ አካል ብቻ ነው። ከዚያ ወገን የተረፈው ጭላዳ ነው፣ እሱም በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ። ዋሊያም ከሰሜን ተራሮች ውጪ አገር የለውም።

ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሕያው መልሱ ደጃችን ላይ እያለ ካልጠበቅነው፣ የልጅ ልጆቻችን የዋሊያን አረማመድ የሚጠይቁት ሮቦት ይሆናል።