ሰንጠረዥ

ሰንጠረዥ በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥትና በመኳንንቱ ዘንድ ይዘወተር የነበረ የቼዝ ዓይነት ነው። ገበታው እንደ ዛሬው ቼዝ ጥቁርና ነጭ አይፈራረቅበትም፤ ባለ አንድ ቀለም ጨርቅ ላይ መስመር ተሰምሮ 64 ቤት ይወጣለታል።

ጉደኛው አጀማመሩ ነው። «ወረራ» በሚባለው ክፍል ተራ የሚባል ነገር የለም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች እጃቸው እንደፈጠነ ያንቀሳቅሳሉ። ተራ መጠበቅ ከዚያ ወዲያ ነው። በንግሥቲቱ ቦታ የሚቆመው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ስለሚሄድ የዘመናዊቷን ንግሥት ጉልበት አያውቅም። አሸናፊነትም ደረጃ አለው፦ ንጉሥን በደር፣ ማለትም በዛሬው ቼዝ ግንብ በሚባለው ጠጠር፣ ማት ማድረግ እምብዛም አያስመሰግንም፤ በመደቅ፣ ማለትም በእግረኛው፣ ሲሆን ግን ያስጨበጭባል።

እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ጨዋታውን አብዝተው ይወዱ እንደነበር ጽፏል።