የተማሪ ረጅም ቀን በአገራችን ታሪክ

የተማሪ ቀን መርዘም ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ልጅ ፊደል ቈጥሮና ዳዊት ደግሞ ወደ ዜማ ወይም ወደ ቅኔ ቤት ሲሻገር፥ ከወላጆቹ ርቆ፥ ደበሎ ለብሶ፥ አኵፋዳ አንግቦ፥ እህል እየለመነ ይማር ነበር፤ ዛሬም እንዲሁ የሚማሩ አሉ። ቀኑ ለልመናና ለጥናት ስለሚከፈል ሌሊቱም ከትምህርት አያርፍም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም የጸናውን ተማሪ ልብ ስለምን አልሰበረውም? መልሱ በቅኔ ቤት ሥርዓት ይታያል። ጀማሪው መጀመሪያ ሁለት ቤት ያለውን ጉባኤ ቃና ይቈጥራል፤ ቀጥሎ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ያልፋል፤ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። የቈጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ ስሕተቱም ወዲያው ይታረምለታል። የቀደመው ተማሪ ደግሞ የኋለኛውን ያስጠናል። ስለዚህ ትናንት ያቃተውን ዛሬ እንደቻለ ራሱ ያውቃል።

ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም.፥ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ከተከፈቱ ወዲህ ዘመናዊው ትምህርት እየተስፋፋ ሄደ። ሳይንስንና የውጭ ቋንቋን አመጣልን፤ ጥቅሙም የማይካድ ነው። ነገር ግን በደወልና በክፍል የሚሄድ ትምህርት የገባውንም ያልገባውንም እኩል ይዞ ያልፋል፤ ተማሪውም ዋጋውን የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ በፈተና ይሆናል።

ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ይህን ቍጥር የሰማን እኛ ታናናሾቻቸው መጽሐፍ በገለጥን ጊዜ ሁሉ፥ «እኔስ ከጥቂቶቹ እሆን ይሆን?» የሚል ሐሳብ ይቀድመናል። ብዙዎቻችንም ፍርሃቱን ለማሸነፍ ከጥናቱ ላይ ሌላ ጥናት፥ ከሌሊቱ ላይ ሌላ ሰዓት እንጨምራለን። ሰዓት መጨመር ግን ብቻውን መተማመንን አይወልድም። መተማመን የሚወለደው ሠርቶ በማሳየት፥ ታርሞም እንደገና በመሥራት ነው።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፤ በየማታው አንዲት የሒሳብ ጥያቄ ሠርተን ለባልንጀራችን እናሳይ፤ ይረመን፤ እኛም እንረመው። በዓሉን የሚያከብረው ትምህርት ቤታችንም የላይኛው ክፍል ተማሪ የታችኛውን የሚያስጠናበት አንድ ሰዓት በሳምንት ቢመድብልን ከአባቶቻችን ያገኘነውን ጥበብ አልጣልንም ማለት ነው። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል።