የበጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተሮች ከአዲስ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ጋር የሚላመዱት እንዴት ነው?

እ.አ.አ በግንቦት 1999 በበርክሌይ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለዓለም ሕዝብ ያልተለመደ ጥሪ አቀረቡ። ሰዎች የቤታቸውን ኮምፒውተር ሥራ በፈታበት ሰዓት እንዲያውሱና ከምድር ውጭ ካለ ሥልጡን ፍጡር የተላከ የሬዲዮ ምልክት ፍለጋውን እንዲያግዙ ጠየቁ።

ሴቲ አት ሆም የተባለውን ይህን ፕሮጀክት ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተቀላቀሉ። የፍለጋው ዕድሜ ግን በፈቃደኞች ብዛት ብቻ የሚወሰን አልነበረም። ቴሌስኮፑ በተለወጠ ቁጥር ሶፍትዌሩም አብሮ መለወጥ ነበረበት።

መረጃው የሚከፋፈለው እንዴት ነው?

የመጀመሪያው መረጃ የመጣው በፖርቶ ሪኮ ከነበረው፣ 305 ሜትር ስፋት ካለው የአሬሲቦ ቴሌስኮፕ ነው። ሃይድሮጂን በሚያሰማው የ1,420 ሜጋ ኸርዝ ፍሪኩዌንሲ ዙሪያ ያለው 2.5 ሜጋ ኸርዝ ተቀርጾ በ256 ጠባብ ክፍሎች ይቆረጥ ነበር። ለአንድ ኮምፒውተር የሚደርሰው የ107 ሰከንድ ቅጂ ሲሆን መጠኑም የሜጋባይት ሲሶ ያህል ነው።

ፕሮጀክቱ በኋላ ቦይንክ ወደተባለው የጋራ ሥርዓት ተዛወረ። ቦይንክ ሥራውን ያከፋፍላል፣ ውጤቱን ይሰበስባል፤ አንዱን ሥራ ከአንድ በላይ ለሆኑ ኮምፒውተሮች በመላክም መልሶቹን ማመሳከር ያስችላል።

አዲስ ቴሌስኮፕ ምን ይለውጣል?

የአሬሲቦ ግዙፍ ሳህን ከመሬት የማይነቃነቅ ስለነበር፣ ምድር ስትዞር ሰማዩ በላዩ ያልፋል። አንድ የሰማይ ነጥብ የቴሌስኮፑን እይታ ለማቋረጥ 12 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ከሩቅ የመጣ ምልክት ቀስ እያለ ጎልቶ ቀስ እያለ መደብዘዝ ይኖርበታል። ከምድር የሚነሳ የሬዲዮ ጩኸት ግን ይህን ቅርጽ አይከተልም። ሶፍትዌሩ ሁለቱን ከሚለይባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነበር።

እ.አ.አ ከ2016 ጀምሮ በአሜሪካ ከሚገኘው ከግሪን ባንክ ቴሌስኮፕ የተገኘ መረጃ ለፈቃደኞች መሰራጨት ሲጀምር ይህ ዘዴ አላገለገለም። ባለ 100 ሜትሩ ቴሌስኮፕ እየዞረ አንዱን ኮከብ ለደቂቃዎች ይከተላልና፣ ምልክቱ በ12 ሰከንድ ውስጥ አይነሳም፤ አይወድቅም። በምትኩ ተመራማሪዎቹ ቴሌስኮፑን ለአምስት ደቂቃ ያህል ወደ ኮከቡ፣ ከዚያም ወደ ሌላ አቅጣጫ ያዞሩታል። በሁለቱም አቅጣጫ የተሰማ ምልክት ከምድር የመጣ ነው ተብሎ ይጣላል። መረጃው የሚቀረጽበት መንገድም የተለየ በመሆኑ፣ ለፈቃደኞች የሚቆራርጠው ፕሮግራም እንደገና መሰናዳት ነበረበት።

ማስተካከያው ከተሳሳተ ጉዳቱ በሁለት በኩል ነው፤ ወይ እውነተኛው ምልክት ሳይታይ ያልፋል፣ ወይ የምድር ጩኸት እንደ ግኝት ይቆጠራል።

አፍሪካ የት አለች?

እ.አ.አ በ2005 የተጀመረው አንስታይን አት ሆም በመጀመሪያ የስበት ሞገዶችን የሚፈልግ ፕሮጀክት ነበር። በ2009 ሶፍትዌሩ ለአሬሲቦ የሬዲዮ መረጃ ተዘጋጀ። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካና የጀርመን ፈቃደኞች ኮምፒውተሮች በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል የሚሽከረከር ፐልሳር፣ ማለትም የሬዲዮ ጨረር የሚረጭ የሞተ ኮከብ፣ አገኙ።

አሁን ይኸው ፕሮጀክት በደቡብ አፍሪካ ሰሜናዊ ኬፕ ከሚገኘው ሚርካት የተገኘ መረጃም ይመረምራል። ሚርካት እያንዳንዳቸው 13.5 ሜትር ስፋት ያላቸው 64 ሳህኖች ተጣምረው የሚሠሩበት ቴሌስኮፕ ነው። ፐልሳሩ ሌላ ኮከብን የሚዞር ከሆነ የምቱ ፍጥነት ሲጨምርና ሲቀንስ ይሰማል። ሶፍትዌሩ የማይታወቀውን ምህዋር ለማግኘት እጅግ ብዙ ግምቶችን መሞከር ስላለበት የፈቃደኞች እገዛ ያስፈልገዋል።

መብራት በሚቆራረጥበትስ?

ፕሮግራሙ የደረሰበትን በየጊዜው ስለሚያስቀምጥ፣ መብራት ሲመለስ ካቆመበት አቅራቢያ ይቀጥላል። በካርቱም ደቡባዊ ዳርቻ በሶባም ሆነ በጎንደር የሚኖር ፈቃደኛ ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ሥራውን ለመቀበልና ውጤቱን ለመላክ ነው። ይሁንና ሥራው ቀነ ገደብ አለው፤ የኤሌክትሪክ ፍጆታውንም የሚከፍለው ፈቃደኛው ራሱ ነው።

ሴቲ አት ሆም እ.አ.አ መጋቢት 31 ቀን 2020 አዲስ ሥራ መላክ አቆመ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 1 ቀን የአሬሲቦ ቴሌስኮፕ ተደረመሰ። በአሬሲቦ መረጃ የመጀመሪያውን ፐልሳር ያገኘው አንስታይን አት ሆም ግን ራሱን ከአዳዲስ ቴሌስኮፖች ጋር እያላመደ ፍለጋውን ቀጥሏል።